እጅ ነጻ ሲወጣ

ራዲዮና ካሴት ብቻ ያላት አሮጌ ኮሮላ ዛሬ ከስማርት ፎን ጋር ለመተዋወቅ ብዙ ወጪ አትጠይቅም። ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ ዕቃ የስልኩን ድምጽ በኤፍ ኤም ሞገድ ለመኪናዋ ራዲዮ ያቀብላል። የስልክ መያዣ ከተጨመረበት ካርታውም ሙዚቃውም ፊት ለፊት መጣ ማለት ነው። ይሄ ብልሃት እንጂ ነውር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህማ፣ ያለችውን አድሶ መንዳት የብዙ ሰው ዕጣ ሆኗል።

ግን እስቲ እንጠይቅ፤ እጃችን ነጻ ስለወጣ ሕሊናችንም ነጻ ወጣ ወይ? በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በ3 ሰከንድ 50 ሜትር ትጓዛለች። ሾፌሩ «የት ደረስክ?» ለሚለው ሰው መልስ ሲያስብ፣ ዜብራው ላይ ያለችውን ተማሪ ማን ያስብላት? እ.ኤ.አ. በ2001 ዩታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተደረገ ሙከራ፣ በስልክ የሚያወሩ ሰዎች የትራፊክ መብራት ይበልጥ እንደሚስቱ አሳይቷል፤ ስልኩ በእጅ ተያዘም አልተያዘም ለውጥ አልነበረውም። ዓይን መንገዱ ላይ ነው፤ ልብ ግን ወሬው ጋ።

ታዲያ ጥፋቱ የሾፌሩ ብቻ ነው? «እየነዳሁ ነው፣ ግን በብሉቱዝ ነው» ሲለን ጨዋታውን የምንቀጥለው እኛስ? መሪውን ባንይዝም ልቡን ይዘናል። «በል ስትደርስ ደውልልኝ» ብሎ መዝጋት ደግሞ አምስት ሳንቲም አያስወጣም።