ቃል ያልወጣው ጸሎት

መዝሙር ቃሉን ቢያጣ ጸሎትነቱም አብሮት ይጠፋል ወይ? ጥያቄው ለነገረ መለኮት ጉባኤ ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ አንድ ጸጥ ያለ የጃዝ አልበም ላይ በሁለት ሰዎች እጅ ተፈትኗል። አልበሙ «ስቲል አዌይ» ይባላል። የተጫወቱት ደብል ቤዝ ተጫዋቹ ቻርሊ ሄደንና ፒያኒስቱ ሃንክ ጆንስ ናቸው። የሄደን ስም ሲነሳ የጃዝ ወዳጆች የሚያስታውሱት አብዛኛውን ጊዜ 1959ን ነው፤ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ኦርኔት ኮልማን ጋር ኒው ዮርክ ፋይቭ ስፖት በተባለው ክበብ የጃዝን የቆየ ሥርዓት ያናወጠበትን ዓመት። ወይም በ1969 የተቀዳውን የራሱን ቡድን የ«ሊበሬሽን ሚዩዚክ ኦርኬስትራ»ን የመጀመሪያ ሥራ ያነሳሉ። «ስቲል አዌይ» በእነዚህ ጥላ ሥር ነው የቆየው። ከበሮ የለበትም፣ ዘማሪ የለበትም፣ አዲስ መንገድ ቀደድኩ የሚል ሙከራም የለበትም። የጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ መዝሙሮች፣ የአብያተ ክርስቲያናት የቆዩ ዜማዎችና ጥቂት የሕዝብ ዘፈኖች ናቸው፤ አንዳቸውም ቃል የላቸውም። እኔ የምለው እነዚህ ዜማዎች ቃላቸው ተለይቷቸውም ጸሎት ሆነው ሊቆሙ ይችላሉ ነው። ጸሎት የሚያደርጋቸውም የሚያስተላልፉት ስሜት ሳይሆን፣ የሚጫወተው ሰው ራሱን ወደ ኋላ አድርጎ የሚያዳምጥበት መንገድ ነው።

ሰዎቹ ዜማዎቹን ከየት እንዳመጧቸው ማወቅ ለክርክሩ ይጠቅማል። ሄደን በ1937 በአዮዋ ግዛት ሸናንዶዋ በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በራዲዮ የሚዘምር ቤተሰብ ነበር፤ እሱም ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከማይክሮፎን ፊት ቆሟል። በአሥራ አምስት ዓመቱ ግን ፖሊዮ ያዘው፤ በሽታው የድምፅ አውታሩን አዳከመና መዝፈኑ ቀረ። ቤዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በ1995ቱ አልበም ላይ ያሉት መዝሙሮች ለእሱ በእጅ ከመነካታቸው በፊት በአፍ የነበሩ ናቸው። ሃንክ ጆንስ ደግሞ በ1918 ሚሲሲፒ፣ ቪክስበርግ ተወልዶ ሚሺጋን፣ ፖንቲያክ ውስጥ አደገ፤ አባቱ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበሩ። ሄደን ነጭ፣ ጆንስ ጥቁር ነበሩ። በልጅነታቸው በነበረችው አሜሪካ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይዘምሩ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ዜማው ግን በሁለቱም ቤት ነበር።

አልበሙ ስሙን የወሰደበት መዝሙር በባርነት ዘመን የተወለደ ነው፤ ደራሲው ዋላስ ዊሊስ የተባለ በባርነት የኖረ ሰው ነው ተብሎ ይታመናል። የፊስክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆኑት ጁቢሊ ዘማሪዎች ከ1871 ጀምረው በየከተማው እየዞሩ ለዓለም አስተዋወቁት። «ስቲል አዌይ» ማለት ሹልክ ብሎ መሄድ ነው። ላይ ላዩን ወደ ክርስቶስ መሸሽ ነው፤ በውስጡ ግን ከባሪያ አሳዳሪው ዓይን ተሰውሮ ለጸሎት ወደ ጫካ መሰብሰብ፣ አልፎም ወደ ነፃነት ማምለጥ ነው። የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ስም አለው፦ ሰምና ወርቅ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል። ሰምና ወርቅ በቃል የሚሠራ ጥበብ ነው፤ ሰሙን አቅልጠህ ከጣልከው ወርቁን የምታፈስበት ቅርጽ ከየት ይመጣል? ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን የሚሰጠው ራሱ ባሪያ ሆኖ የኖረው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ስለ እነዚህ ዜማዎች ሲናገር፣ ሐሳቡ በቃል መውጣት ካልቻለ በድምፅ ይወጣ እንደነበር፣ ለባዕድ ጆሮ ትርጉም የለሽ የሚመስሉ ቃላት ለዘማሪዎቹ ሙሉ ትርጉም እንደነበራቸው ይመሰክራል። ዜማውን መስማት ብቻውን ስለ ባርነት ከተጻፉ ብዙ የፍልስፍና መጻሕፍት ይልቅ ልብን እንደሚነካም ያምናል። እንግዲህ እንደ ዳግላስ ምስክርነት ወርቁ ከመጀመሪያውም በቃሉ ብቻ አልነበረም፤ ድምፁ ውስጥም ነበር። ሄደንና ጆንስ ቃሉን ሲያነሱ ቅርጹ አልፈረሰም።

ድምፁን ጠጋ ብሎ መስማት ያስፈልጋል። ጆንስ ዜማውን እንዳለ ያኖረዋል፤ ከሥሩ የሚያስገባቸው ኮርዶች የጃዝ ናቸው፣ እርጋታው ግን የቤተ ክርስቲያን ፒያኖ ነው። ሄደን ጥቂት ኖታ ነው የሚመታው። አንዷን ነክቶ እስክትጠፋ ይጠብቃታል፤ የጣቱ ንክኪና የእንጨቱ ማስተጋባት አብረው ይሰማሉ። ብዙዎች የብረት ክር በሚጠቀሙበት ዘመን እሱ የአንጀት ክር ይወድ ነበር፤ የአንጀት ክር ደግሞ ድምፁ ጠቆር፣ ሞቅ ያለ ነው። በገና የሰማ ጆሮ ይህን ድምፅ ባዕድ አይለውም፤ የእኛም በገና ክሩ የበግ አንጀት ነውና። የሁለቱ ሰዎች ትልቁ ሥራ ግን ባልተመቱት ኖታዎች ውስጥ ነው። በጃዝ ዓለም ችሎታ የሚለካው አንድን ዜማ ይዞ ምን ያህል ርቆ በመሄድ ነው፤ ሁለቱም ርቆ መሄድን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። እዚህ ግን ዜማው ይቀድማል፣ እነሱ ይከተላሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ቦታ ይለቃል። ሄደን በኋለኛው ዕድሜው ጆሮው የሚጮህበትና ትንሽ ድምፅ እንኳ የሚያሳምመው ሰው ስለነበር፣ ለእሱ ዝግ ብሎ ማዳመጥ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚነሳው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በመንፈስም በአእምሮም መጸለይን ይሻል፤ ዋሽንት ወይም ክራር የድምፁ ልዩነት ካልታወቀ የሚመታው ምን እንደሆነ ማን ይረዳል ብሎም ይጠይቃል። ቃል የሌለው ዜማ በዚህ ፍርድ ይወድቃል የሚሉ አሉ። ነገር ግን የጳውሎስን ምሳሌ እንደገና ብናነበው ያዘለው ተቃራኒውን ነው። ክራሩ የሚነቀፈው ቃል ስለሌለው አይደለም፤ ድምፁ ተለይቶ ካልወጣ ነው። ተለይቶ ከወጣ ይታወቃል ማለት ነው። ነቢዩ ኤልሳዕም የእግዚአብሔርን ቃል ሲጠየቅ መጀመሪያ ያስጠራው በገና ደርዳሪ ነበር፤ ደርዳሪው ሲደረድር የእግዚአብሔር እጅ በነቢዩ ላይ መጣ፤ ስለ ግጥሙ ግን መጽሐፉ ምንም አይልም። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ግእዙን ቃል በቃል የማይረዳ ምእመን ቅዳሴ ቆሞ ያለቅሳል፤ አልጸለየም የሚል የለም። አንድ ሰው «ቃሉ እኮ እዚያው አለ፣ ካህኑ ያውቀዋል» ይላል። ልክ ነው። ግን ያ ሰው የሚያለቅሰው ካህኑ ስለሚያውቀው አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደኝ የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው የአውግስጢኖስ ጥርጣሬ ነው። «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ፣ ከሚዘመረው ነገር ይልቅ ዝማሬው ልቡን ሲነካው እንደሚበድል ይሰማው እንደነበር፣ ያኔም ባልሰማ ይሻለኝ ነበር ይል እንደነበር ጽፏል። ውበት ራሱ አምላክ ሊሆን ይችላል የሚል ፍርሃት ነው፤ ለጃዝ አልበም ደግሞ ይበልጥ ይስማማል፤ የተሸጠ ዕቃ ነው፣ ሰው እራት እየበላ ይሰማዋል። ግን ይኸው አውግስጢኖስ መዝሙረ ዳዊትን ሲተረጉም፣ የአጨዳና የወይን ለቀማ ሠራተኞች ደስታቸው ቃል ሲያጥረው ቃሉን ትተው ወደ ባዶ ዜማ እንደሚገቡ፣ ሊነገር ለማይችል አምላክም የሚስማማው ይህ እልልታ እንደሆነ ያስተምራል። ሁለቱን አውግስጢኖሶች የሚያስታርቃቸው አቅጣጫ ይመስለኛል። ዜማው ወደ ዘማሪው ከተመለሰ ወጥመድ ነው፤ ዘማሪውን አልፎ ከሄደ ጸሎት ነው። የሰውን ልብ ከቴፕ ላይ ማንበብ አይቻልም፤ ስለዚህ ሄደን ጸልዮ ነበር ብዬ አልምልም። የሚሰማው ግን አንድ ነው፦ በአልበሙ መጨረሻ ላይ አራት የቆዩ መዝሙሮች ተያይዘው ሲመጡ «እዩኝ» የሚል ኖታ የለም። እራት እየበላ የሚሰማውን ሰው ደግሞ ድምፅ ሳታሰማ ስትጸልይ የነበረችውን ሐናን ሰካራም ካላት ከካህኑ ዔሊ ጋር አስቀምጠዋለሁ። ያልሰማው እሱ ነው፤ የከንፈሯ እንቅስቃሴ ግን ጸሎት ነበር።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ የሚያቀርበውም ሄደን ራሱ ነው። ቃል የሌለው ዜማ ምሉዕ ጸሎት ከሆነ፣ ለምን ወደ ቃል ተመለሰ? በ1999 በወጣው «ዚ አርት ኦፍ ዘ ሶንግ» አልበም ላይ ሸርሊ ሆርንና ቢል ሄንደርሰን ዘፍነው ሲጨርሱ፣ በመጨረሻ ራሱ ሄደን ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ስለ መንገደኛው እንግዳ የሚናገረውን የድሮ መንፈሳዊ ዜማ ይዘፍናል። ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ቃሉን ናፍቆት ነበር፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። እኔ ቃል ትርፍ ነው አላልኩም፤ ቃል ሲታጣ ጸሎት አይታጣም ነው ያልኩት። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ፖሊዮ የነካው ጉሮሮ ያስታውቃል፣ ከፍ ማለት አይሞክርም። አንዱን ቃል ያወጣና፣ ልክ እንደ ቤዙ፣ እስኪጠፋ ይጠብቀዋል።