የሚበላው የት ይገባል?

ልጄ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ልትጀምሪ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ከሶዶ ወጥተሽ ገጠር ስትገቢ አንድ አቤቱታ ደጋግመሽ ትሰሚያለሽ። እናት ልጇን ታቅፋ «ይበላል፤ የሚበላው የት እንደሚገባ ግን እንጃ» ትልሻለች። እኔ ጤና ረዳት ሆኜ ስጀምር መልሴ ቁጣ ነበር። «አላበላሽውም እንጂ!» እል ነበር። ዛሬም ያሳፍረኛል።

አንዷ እናት ከዓይኔ አትጠፋም። ቦሎሶ ሶሬ ወረዳ ነው። ጓሮው በእንሰትና በቦይና (በጎደሬ) ጨፍግጓል፤ ልጇ ግን እግሩ አብጦ፣ ፀጉሩ ሳስቶ መደብ ላይ ተኝቷል። በእኛ አገር ልምላሜ እየታየ ረሃብ ይገባል፤ «አረንጓዴ ረሃብ» የሚባለው እሱ ነው። ቆጮና ቦይና ሆድ ይሞላሉ፣ ገንቢ ምግብነታቸው ግን ትንሽ ነው። ያም ልጅ ከወር እስከ ወር ያስቀምጠው ነበር። እናቱ አልዋሸችም። ታበላዋለች።

ምግቡ የሚጠፋው አንጀቱ ጋ ነው። የትንሹ አንጀት ውስጥ ልሙጥ እንዳይመስልሽ። አዲስ ፎጣ ይመስላል። የፎጣው ጭራዎች 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው፤ ምግብ ወደ ደም የሚገባው ግን በእነሱ ነው። ሽፋናቸው በየ3 እስከ 5 ቀኑ ይታደሳል፤ ለመታደስ ደግሞ ራሱ ምግብ ይፈልጋል። ጃርዲያ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ እላዩ ላይ ሲለጠፍ ወተት የሚፈጭበት ኃይል ይዳከማል፤ ልጁ ወተት በጠጣ ቁጥር ሆዱ ይነፋል፣ ሰገራው ቅባት ይዞ ይከረፋል። የመንጠቆ ትል በባዶ እግር ገብቶ የአንጀቱን ግድግዳ ነክሶ ደም ይመጥጣል። ወስፋት ደግሞ ከልጁ ጋር ምግብ ይሻማል። ፎጣው ሲሳሳ ምግቡ ሳይመጠጥ ያልፋል፤ ምግብ ያላገኘ አካል ፎጣውን መልሶ አይሠራም።

የሚከፋው ግን ተቅማጥ የሌለው ጉዳት ነው። ዶሮና ከብት በሚያድሩበት ቤት የሚድህ ልጅ ኩስ የነካ እጁን ይልሳል። በየቀኑ ጥቂት ጀርም ሲውጥ ጭራዎቹ ያጥራሉ፣ ግድግዳው ማፍሰስ ይጀምራል። ልጁ አይታመምም፤ ቁመቱ ብቻ ይቀራል። እናቱን ከብቱን ውጭ አሳድሪ ብትያት አትሰማሽም። ልክም ናት፤ ሌባ አለ፣ ጅብ አለ። ለልጁ የሚድህበት ሰሌን ለይታ እንድታነጥፍ ለምኚያት።

ሽንት ቤት ቆፍረን እጅ ካስታጠብን አበቃ እንዳትዪ። በኬንያና በዚምባብዌ በብዙ ሺህ ቤት ተሞክሮ ይህ ብቻውን የልጆችን ቁመት አልጨመረም። ለእኔ ትርጉሙ፣ ግማሽ ንጽሕና አይበቃም ማለት ነው። ገሺያሮ በወላይትኛ ንጽሕና ነው፤ በዚሁ ስም በወላይታ ዞናችን የተሠራው የትል መከላከል ፕሮጀክት ተማሪውን ብቻ ሳይሆን መንደሩን ሁሉ መድኃኒት ያዋጠው፣ ውኃና ንጽሕናንም የጨመረው ለዚህ ይመስለኛል። አልቤንዳዞል ትሉን ያስወጣል፤ አንዷ ክኒን ግን ጃርዲያን አትነቅልም፣ ፎጣውንም አትጠግንም። የጃርዲያውን መድኃኒት ፍላጂልን ሳያስመረምሩ ከሱቅ እየገዙ እንደ ከረሜላ የሚያድሉትንም ተቆጪ፤ እዚህ ላይ ቁጣ ይፈቀድልሻል።

ልጁን ተቅማጥ ሲይዘው ምግብ የሚከለክሉ አያቶች አሉ። አንጀቱ ይረፍ ይላሉ። አይረፍ፤ ጡቱም ምግቡም ይቀጥል። ኦአርኤሱ አንድ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። ዚንኩ ለ10 ቀን ነው፤ ከ6 ወር በላይ ለሆነው በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ላለው 10። በ3ኛው ቀን ተቅማጡ ሲቆም ቀሪውን ክኒን ለሌላ ጊዜ ብለው ሣጥን ውስጥ ይቋጥሩታል። ሄደሽ ቁጠሪው።

በእኔ ጊዜ የከሳ ልጅ ሁሉ ሆስፒታል ይተኛ ነበር፤ እናት ሌሎቹን ልጆች ትታ ሳምንታት ትቀመጣለች። እ.ኤ.አ. በ2000 በጎረቤታችን ሀዲያ፣ ባደዋቾ ላይ የከሱ ልጆች ገንቢ ምግብ ወስደው ቤታቸው እንዲያገግሙ ተሞከረና ብዙዎቹ ዳኑ። ዛሬ በጤና ኬላሽ የምትሰጪው ፕላምፒናት የተባለው ገንቢ ምግብ በዚያ መንገድ የመጣ ነው። እናት ለታላቁም ከፍላ ብትሰጠው አትደንግጪ፣ አስረጂያት።

የክንድ መለኪያውን ከኪስሽ አትለዪው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው። ፕላምፒናቱን ፊትሽ ቀምሶ ይብላ፤ እምቢ ካለ ምክር አታብዢ፣ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ላኪው።