የተኛ ሰው ስግደት

ጸሎት በሀገራችን የከንፈርና የልቡና ሥራ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ሥጋም የራሱ ድርሻ አለውና ምእመኑ ቅዳሴውን ቆሞ ያስቀድሳል፣ በዐቢይ ጾም ከቀትር በኋላም ሆዱን ይከለክላል፣ በሰሞነ ሕማማት ደግሞ ወገቡ እስኪዝልና ግንባሩ መሬት እስኪነካ ይሰግዳል። እንግዲህ ስለ ቡአ ሕመም ኦፕራሲዮን የሆነ አንድ አረጋዊ ከሆስፒታል ሲሰናበት፣ ሐኪሙ ስፌቱ እስኪጠና ስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር እንዳያነሣ፣ እንዳያምጥ፣ እየወደቀ እየተነሣ እንዳይሰግድ ሲያዘው፣ የተከለከለው የማሳና የጓዳ ሥራ ብቻ መስሎ አይታየውም፤ ከፈጣሪው ጋር ከሚነጋገርበት ቋንቋ እኩሌታው የተወሰደበት ይመስለዋል። ሥጋ ከአምልኮ በታገደ ጊዜ ለነፍስ የሚቀራት መሥዋዕት ምንድር ነው?

ከዚህ አስቀድሞ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው ሰውነቱን ለሐኪም ምላጭ አሳልፎ መስጠት ይገባዋልን የሚለው ነው፤ ነገር ግን ይህን መጻሕፍት አስቀድመው ስለ ፈቱት ብዙ አያቆየንም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ባለቀሰ ጊዜ ጸሎቱ ተሰምቶ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ተጨመረለት፤ ይሁን እንጂ የምሕረቱን ቃል ያመጣለት ያው ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ፤ ምሕረቱ ከተነገረ በኋላ በለሱ ለምን አስፈለገ ብሎ የተከራከረ አልተጻፈም። ሐዋርያው ጳውሎስም ድውያንን የፈወሰ ሲሆን፣ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው። በንጉሥ አሳ ላይ የተጻፈው ወቀሳ፣ እኔ እንደምረዳው፣ ባለመድኃኒቶችን ስለ ፈለገ ሳይሆን እነርሱን ብቻ ስለ ፈለገ ነው፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ባለመድኃኒትን ማክበርንና ወደ እግዚአብሔር መጸለይን ጎን ለጎን ያዝዛልና አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ከመጽሐፉ አይገኝም።

ይልቅስ ልብ ሊባል የሚገባው የዋዜማው ነገር ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን ከምላጩ በፊት ስድስት ሰዓት ያህል ከምግብ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ደግሞ ከንጹሕ ውኃ እንኳ የሚከለክለው፣ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው የጉሮሮው ዘበኛ አብሮት ስለሚተኛ፣ ከሆድ የሚመለሰው ወደ ሳንባ እንዳይገባበት ነው። በጾም ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሲጸልይ አድሮ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ሊከፈት ሲል አንድ ኩባያ ጠበል ይጠጣና፣ ጠበል ከምግብ አይቆጠርም ብሎ ለነርሷ «ምንም አልቀመስሁም» የሚል አይጠፋም። በረከቱን ማንም አልከለከለውም፤ የጠጣበትን ሰዓት ቢናገር ሥራው በጥቂት ይዘገይለት ነበር፤ ጉዳቱ ከመደበቁ ነው። ከዚያም እንቅልፉ ይመጣል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1846 ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በቦስቶን ከተማ ኤተር የተባለውን ማደንዘዣ ኃይል በሐኪሞች ፊት እስኪያሳይ ድረስ ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጎልማሶች ክንድ ተይዞ እየጮኸ ይቀደድ ነበር፤ እርሱ ግን እየጮኸም ቢሆን አምላኩን መጥራት ይችል ነበር። የዛሬው በሽተኛ ፍርሃቱም ጸሎቱም በአንድነት ተነሥተውለት ይተኛልና፣ በዚያች ሰዓት ስለ እርሱ «እግዚኦ» የሚለው ከደጅ የቆመው ቤተ ሰቡ ነው።

ይህ በሌሎች እጅ መሆን በሽተኛው ወደ ቤት ከተመለሰም በኋላ አይቋረጥም። መጀመሪያ የሚመጣው የማዕድ ፈተና ነው፤ ቁስል የሚጠግገው ሥጋን በሚገነባ ምግብ ነውና እንቁላልና ወተት ይቀርብለታል፤ ቀኑ ግን ረቡዕ ወይም ዓርብ ይሆናል። ፍትሐ ነገሥት የታመመውን ከጾም ግዴታ ያሳርፈዋል፤ የንስሐ አባቱም «ልጄ፣ ብላ» ይሉታል፤ እርሱ ግን ምስሩና ሽምብራው ይበቃኛል ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ምስርና ሽምብራስ የሚናቁ አይደሉም፤ የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ ለዘመናት ለእግዚአብሔር የጾመ የመሰለው ሰው፣ ጾሙን ተው በተባለ ጊዜ እንደ ርስቱ የሚሟገትለት መሆኑ ነው። ከዚህም የሚብሰው አገልግሎትን መቀበል ነው። የታመመን መጠየቅ ከምግባራት እንደሚቆጠር በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ተጽፏል፤ በየዐውደ ምሕረቱም ስለ ጠያቂው ዋጋ ብዙ ተሰብኳል፤ ለተጠያቂው ግን ማን ሰበከለት? ልጁ እግሩን ስታጥበው፣ ምራቱ ሽንቱን ስትደፋ፣ ጎረቤቱ አጥሚት ይዛ ስትገባ፣ ትናንት ሰጪ የነበረው አረጋዊ ያፍራል፣ ይቆጣል፣ «ተዉኝ» ይላል። በዚያ ቃል ለእነርሱ የተዘጋጀውን ዋጋ እየነፈጋቸው መሆኑ አይታወቀውም። ለተኛ ሰው የቀረው መሥዋዕት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሳያጉረመርሙ መታጠብ፣ መጉረስ፣ መታዘዝ፤ ይህም በቁመት ከሚሰገድ አንድ ሺህ ስግደት አያንስም።

መታዘዝ ስል ግን መጋደምን ብቻ አይደለም። በእግርና በሳንባ ደም እንዳይረጋ ሐኪሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተነሥቶ ጥቂት ጥቂት እንዲራመድ ያዝዛል፤ ጠያቂው ደግሞ አልጋው ጠርዝ ተቀምጦ «ኧረ አይነሡ፣ ይተኙ» እያለ ይለምናል፤ ከዚያም አልፎ በዚሁ ሕመም ስለ ሞተ ዘመዱ የሚተርክ አለ። እንዲህ ያለው ደግ ሰው ቡናውን ጠጥቶ ቶሎ ቢሄድ የተሻለ ነው።

ስለ ስግደቱም ቢሆን ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ራሱ ምስክር ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀኖች ጾምም ስግደትም የለም፤ ጤነኛውም ጎልማሳውም ወገቡን ሳይሰብር ቆሞ ይጸልያል፤ በዚያ ጊዜ አምልኮ ተቋረጠ የሚል ማንም የለም። ሐኪሙ ያዘዘው ስድስት ሳምንት ደግሞ ተቆጥሮ 42 ቀን፣ ከእነዚያ 50 ቀኖች ያነሰ ነው። የቀረበትን ስግደት እንደ ዕዳ መዝግቦ፣ ሳምንታቱ ያለቁ ዕለት በአንድ ጊዜ ሊከፍል የሚነሣ አረጋዊ ቢኖር ግን፣ አስቀድሞ ከንስሐ አባቱም ከሐኪሙም ቢማከር፣ ስፌቱም ንስሐውም ይጠበቁለታል።