የግል ወኔ የማን ሀብት ነው?

አንድ ሰው ንግዱን ለማስፋፋት የሚያፈሰው ጉልበት በራሱ ምስጋና የሚገባው ነውን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ተግቶ የሚሠራን ሰው ማን ይነቅፋል? ይሁን እንጂ ትጋት ለብቻው ሲታይ መልክ የሌለው ኃይል ነው። አራጣ አበዳሪውም ሌሊቱን ሲያሰላ ያድራል። እንግዲያው መመርመር የሚገባው ትጋቱ ብቻ ሳይሆን ትጋቱ የሚያርፍበት ነገር ጭምር ነው። ለዚህም ከኪነ ጥበብ ታሪካችን የአቶ አምሃ እሸቴን ሥራ ማንሳት ይጠቅማል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች አዲስ ዓይነት ሙዚቃ ሲፈላ፣ አድማጩ ገዝቶ ቤቱ የሚወስደው የዚያ ሙዚቃ ሸክላ ግን እምብዛም አልነበረም። አምሃ ገና ወጣት ሳለ፣ መታሰር ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀርፆ በሕንድ አገር አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሬከርድስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክሎችንና 12 ያህል ትልልቆችን አወጣ። የማሕሙድ አሕመድና የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ።

ሕግ መጣስን ማወደስ አደገኛ ነው፤ ነጋዴ ሁሉ ክልከላውን በወኔው ልክ ይለካ ቢባል ማቆሚያ አይኖረውም። ሆኖም ያ ክልከላ ባዶ ጎተራ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ነበር። የተከለከለው ሥራ ማንንም አልጎዳም፤ ባለመብቱም እየሠራው አልነበረም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ድፍረቱን ከማን አለብኝነት የሚለየው ይኸው ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የአንድ ጀግና ታሪክ በሆነ ነበር። ግን አምሃ ያገኛቸውን ሙዚቀኞች ማን አሠለጠናቸው? ዓለማየሁ ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ፣ ማሕሙድ ከክብር ዘበኛ የወጡ ናቸው። መለከቱ የተገዛው፣ ኖታው የተጠናው፣ ደመወዙም የተከፈለው ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም እንዲሉ፣ ነጋዴው የዘራው በሌሎች እጅ በለሰለሰ መሬት ላይ ነበር። ይህን የሚናገር ሁሉ ምቀኛ ይባላል። ነገር ግን መሬቱ ለዓመታት ለስልሶ ሳለ ዘሩን ይዞ የወጣው እርሱ መሆኑንም መካድ አይቻልም፤ የታተሙት ሸክሎች ይመሰክራሉ።

አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። በዋሽንግተን ምግብ ቤትና የምሽት ክበብ ከፈተ፤ ያው ሰው፣ ያው ትጋት። የአምሃ ሬከርድስ ዘመን ግን አብቅቶ ነበር። በአዲስ አበባ ከሚያውቃቸው ክበቦች፣ ከልምምድ ክፍሎቹና ከአድማጩ ተለይቶ፣ ወኔው ሌላ ነገር አበቀለ እንጂ ያንኑ አልደገመም። ሸክሎቹ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮፒክስ በተሰኘው የፈረንሳይ ተከታታይ ኅትመት እንደገና ተደመጡ። እርሱም ዓለማየሁም እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። ዛሬ እነዚያን ዘፈኖች የሚያደምጥ ሰው ድምፃዊውን ያውቃል፤ አሳታሚውንም ያነሣል። ከኋላ ሆነው መለከቱን የነፉትን ስማቸውን ቢጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።