ጨው ተዋሕዶን ይመስላልን?

ከአፋር ዝቅታ፣ ከአሳሌ ሐይቅ ዳር የተጠረበ አሞሌ በበራህሌ በኩል ዳገቱን ወጥቶ መቀሌ ገበያ ሲደርስ፣ ከባሕር ጠለል በታች መቶ ሜትር ካለፈ ስፍራ ተነሥቶ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። ዛሬ የጭነት መኪና የግመሉን ድርሻ እየወሰደ ቢሄድም ጨው ያው ጨው ነው፤ ለዘመናት ምግብም ገንዘብም ሆኖ አገሩን ያስተሳሰረ። ለኬሚስትሪ መምህር ደግሞ ይህ አሞሌ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ማለትም ሁለት ንጥረ ነገሮች በማይለዋወጥ መጠን ተጣምረው የሠሩት ውሁድ። “ውሁድ” የሚለው ቃል ቤተ ክርስቲያን በስሟ ውስጥ ከያዘችው “ተዋሕዶ” ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም አንድ መሆንን ይናገራሉ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ተማሪው “ኮምፓውንድ” ብሎ ያልፈዋል እንጂ፣ ዝምድናውን የተረዳ ወጣት ዓርብ በክፍል የተማረውንና እሑድ በቤተ ክርስቲያን የሰማውን አገናኝቶ መጠየቁ አይቀርም፦ ሶዲየምና ክሎሪን ተዋሕደው ጨው እንደሆኑ፣ ቃልና ሥጋም እንዲሁ ተዋሐዱ ማለት ነውን? አይደለም። ነገር ግን ምሳሌው የሚሰበርበትን ቦታ አጥብቆ የመረመረ ሰው፣ ተዋሕዶ የሚለውን ቃል ከነበረው ይልቅ አጥርቶ ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ።

ክፍል ውስጥ የሚነገረውን እናስቀድም። በርበሬና ጨው ቢደባለቁ እያንዳንዱ እንደ ራሱ ይኖራል፤ በርበሬው ያቃጥላል፣ ጨው ያጣፍጣል፣ መጠኑንም ባለሙያዋ እንደወደደች ታበዛለች፣ ታሳንሳለች። ይህ ድብልቅ ነው። ውሁድ ግን ሌላ ነገር ነው። ሶዲየም በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ነው፤ ውኃ ሲነካው ይንጣጣል፣ እሳትም ይፈጥራል። ክሎሪን በ1915 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር ቤልጅግ ውስጥ በኢፕር ግንባር ወታደሮችን ያፈነ አረንጓዴ ቢጫ ጋዝ ነው። በክብደት 23 እጅ ከመጀመሪያው፣ 35.5 እጅ ከሁለተኛው ሲጣመሩ በሕፃን ምላስ ላይ ሊቀመጥ የሚችል ነጭ ቅንጣት ይገኛል። የብረቱ መንጣጣትም የጋዙ መርዝነትም በጨው ውስጥ አይገኙም፤ በቦታቸው ሦስተኛ ነገር ቆሟል።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። አበው የተዋሕዶን ትምህርት ሲያስረዱ ከሁለት አካል አንድ አካል፣ ከሁለት ባሕርይ አንድ ባሕርይ ይላሉ፤ ነገር ግን ወዲያው ውላጤን ማለትም መለወጥን፣ ቱሳሔን ማለትም መቀላቀልን፣ ቡዓዴን ማለትም መለያየትን ይከለክላሉ። ተዋሕዶው በተዓቅቦ ነው፤ የእያንዳንዱ ባሕርይ ጠባይ ተጠብቆ። ቃልና ሥጋ እንደ ሶዲየምና ክሎሪን ቢሆኑ ኖሮ የተገኘው አምላክም ያልሆነ፣ ሰውም ያልሆነ ሦስተኛ ነገር በሆነ ነበር፤ አይራብም፣ አያድንም። ከ451 እ.ኤ.አ. ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ጉባኤውን ያልተቀበሉትን አብያተ ክርስቲያናት ሥጋ በመለኮት ተዋጠ ትላላችሁ ብለው የከሰሷቸው ሰዎች ያነሡት ይህንኑ ነው። ክሱ ሐሰት ነው፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያስተማረውን አውጣኪን ታወግዛለች። በጨው ምሳሌ ተዋሕዶን የሚያስተምር ደግ ሰው ግን ሳያውቅ ለከሳሹ ማስረጃ ያቀብላል። ወደ ድብልቁ ቢዞርም አይድንም፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ነገሮች የንስጥሮስን ኅድረት ማለትም ማደርን እንጂ ተዋሕዶን አያሳዩም። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ በኋላ መቀሌን መናገሻቸው ያደረጉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሰበሰቡት በዚሁ ጉዳይ እንደነበር ያስታውስ። የጉባኤው ውሳኔ በመንግሥት ኃይል መጽናቱን አላወድስም፤ የተከራከሩት ሰዎች ግን አንዲት ቃል ስትዛነፍ ምን እንደሚፈርስ አጥርተው ያውቁ ነበር።

ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ እጁን ያወጣል፤ ማውጣትም አለበት። ሶዲየም በጨው ውስጥ ጠፋ ማለት ትክክል አይደለም ይላል። የአቶሙ እምብርት አልተነካም፤ 11 ፕሮቶኖቹ 11 ናቸው፣ የክሎሪንም 17ቱ 17 ናቸው። የተለወጠው ከዳር ያለችው አንዲት ኤሌክትሮን ቦታ ብቻ ነው። ጨውን አቅልጠን ኤሌክትሪክ ብናሳልፍበት ሶዲየሙም ክሎሪኑም ይመለሳሉ። ታዲያ ይህ ተዓቅቦ አይደለምን? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ውላጤን ጠቅላላ መጥፋት አድርጎ የሚያስብ መምህርም መልስ አያገኝለትም። እኔ የማየው እንዲህ ነው። በጨው ውስጥ የተጠበቀው ማንነቱ ነው እንጂ ግብሩ አይደለም፤ ሶዲየሙ አለ፣ የሶዲየም ብረት ሥራውን ግን አይሠራም። በተዋሕዶ ትምህርት ግን ሁለቱም ይሠራሉ፤ ያው አንዱ በታንኳ ይተኛል፣ ያው አንዱ ማዕበሉን ይገሥጻል። ከዚህም የሚጠልቅ ነገር አለ። አበው የሥጋ ገንዘብ ለቃል፣ የቃል ገንዘብ ለሥጋ ሆነ ሲሉ፣ ገንዘብ ያሉት የየባሕርዩን ንብረት ነው። በአዮናዊ ትስስር ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ሲሰጥ ራሱ ያጣታል፤ አንዱ የሚያገኘው ሌላው የሚያጎድለውን ነው። በኮቫለንት ትስስር ሁለቱ ጥንድ ኤሌክትሮን ቢጋሩም የጋራ ያደረጉት ያንን ብቻ ነው። ተዋሕዶ የሚናገረው ሰጪው ምንም ሳይጎድልበት ሁሉን ስለ መስጠት ነው፤ በኬሚስትሪ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ልውውጥ የለም።

ሌላው ተቃውሞ ከወዲያኛው ወገን ይመጣል፦ ምሥጢርን በላቦራቶሪ መመዘን ድፍረት ነው የሚል። አክብሮቱን እጋራለሁ፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። አበው ራሳቸው ምሳሌያቸውን ከቀጥቃጩ ምድጃ ወስደዋል። ስሙን የያዘው መጽሐፍ ወደ ግእዝ ቀድመው ከተተረጎሙት አንዱ የሆነለት ቅዱስ ቄርሎስ ስለ ጋለ ብረትና ስለ ፍሕም ተናግሯል፤ የእኛም መምህራን ብረትና እሳትን እስከ ዛሬ ይጠቅሳሉ። ምርጫው ምን ያህል የታሰበበት እንደሆነ ደግሞ ኬሚስትሪ ራሱ ይመሰክራል። ኬሚስቱ ላቮዋዚዬ በ1789 እ.ኤ.አ. ባወጣው የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ሙቀትንና ብርሃንን ጭምር አስገብቶ ነበር፤ ኋላ ሙቀት ንጥረ ነገር ሳይሆን ጉልበት እንደሆነ ታወቀ። ስለዚህ የጋለ ብረት ውሁድም ድብልቅም አይደለም። አቶሙ 26 ፕሮቶን እንደያዘ ነው፣ ብረትነቱን አልለቀቀም፣ በመዶሻ ይመታል፤ ነገር ግን ያበራል፣ ያቃጥላል። እሳቱ ገንዘቡን ሰጥቶት ብረቱ ብረት ሆኖ ቀርቷል። የክፍሉ ሁለት መሳቢያዎች፣ ድብልቅና ውሁድ፣ ያልያዙትን ይህ ምሳሌ ይዞታል። ሙሉ ግን አይደለም፤ ብረቱ ከምድጃ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ መለኮት ግን ከሥጋ ለቅጽበት እንኳ አልተለየም።

ጨውን ከመተዋችን በፊት ደግሞ አንድ የሚመሰክርልን ነገር አለ፤ የትምህርት ቤቱ አነጋገርም ይሸፍነዋል። መምህሩ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሁለቱ ነው፦ በዚህ ብርጭቆ ሶዲየም፣ በዚያ ክሎሪን፣ ከዚያ ጨው። የአሳሌ ጨው ግን እንዲህ አልተሠራም። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ወደ ዝቅታው ገብቶ በፀሐይ ሲተን የቀረ ነው፤ በዚያ ስፍራ ብቻውን የቆመ የሶዲየም ብረት ከክሎሪን ጋዝ ጋር የተገናኘበት ቀን አልነበረም። ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 እ.ኤ.አ. ኮስቲክ ሶዳን በኤሌክትሪክ እስኪለያይ ድረስ ሶዲየምን ለብቻው ያየ ሰው የለም፤ ሰው ግን ከዚያ በፊት በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ጨው በልቷል። “ከሁለት” የሚለው ቃል የግድ “ሁለቱ ለየብቻ ቆመው ከቆዩ በኋላ” ማለት እንዳልሆነ አሞሌው ያሳያል። ቤተ ክርስቲያንም ስለ ሥጋ የምትለው ይህንኑ ነው፤ በድንግል ማኅፀን ሥጋ ብቻውን ተፈጥሮ የቆየበት፣ ቃል በኋላ መጥቶ ያደረበት ጊዜ የለም፤ መፈጠሩና መዋሐዱ አንድ ጊዜ ነው። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ አብሮን ይሄዳል፤ ቃል ግን ከዓለም በፊት ነበረ።