ኃይልና ገደብ

ኃይል ያለው ሰው ሁሉ ጀግና ይባላልን? በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው «ሜጋማይንድ» የተባለው፥ ለልጅና ለወላጅ በሥዕል የተሠራ አስቂኝ ፊልም ለዚህ ጥያቄ መልካም ምሳሌ ይሆናል።

ሁለት ሕፃናት ከሰማይ ወደ ምድር ይወርዳሉ፤ አንዱ በባለጠጋ ቤት፥ ሁለተኛው በወህኒ ቤት ያድጋል። የፊተኛው የከተማው ጠባቂ፥ የኋለኛው ወንበዴ ሆነ። በሌሎች እንደዚህ ባሉ ተረቶች ድል የሚያደርገው ጀግናው ነው፤ በዚህ ግን ወንበዴው ነው። ነገር ግን ባላጋራ በማጣቱ ድሉ ባዶ ሆነበትና የጀግናውን ኃይል ለአንድ ተራ ሰው ሰጠ። ያም ሰው የወደዳት ሴት እንቢ ባለችው ጊዜ ከተማውን ያጠፋ ጀመር። በመጨረሻም ከተማውን ያዳነው ያው የቀድሞው ወንበዴ ነው። እንግዲህ ኃይል የያዘውን ሰው ልብ ይገልጣል እንጂ ምግባርን አይወልድም።

ለማንኩሽ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በዚያው በ2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የዓባይ ጉልበት ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ የ5,150 ሜጋ ዋት ምንጭ ለመሆን የበቃው ግን ገደብ ከተበጀለት ወዲህ ነው።

ይሁን እንጂ ውኃና ሰው አንድ አይደሉም። ለውኃ ገደቡን ሌላ ያበጅለታል፤ ሰው ግን ለራሱ ሊያበጅ ይገባዋል። ይህም በባለጠጋ ቤት ለተወለደ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ በወህኒ ቤት ላደገውም ተችሎታልና።