ንፋስ እንዳይገባው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሲያስተምር ምሳሌውን ከሩቅ አላመጣም። ዘሪው፣ እርሾው፣ መረቡ፣ የጠፋችው ድሪም፣ ሁሉም ሰሚዎቹ በየቀኑ የሚያዩት ነገር ነበር። እኛም ልብ ብንል በየደጃችን ስብከት አለ። ዛሬ ከአዊ ዞን፣ ከጥርባ አካባቢ ያገኘሁትን አንዱን ላካፍላችሁ።

በዚያ አገር ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ የማያውቅ የለም። ዘሩ ከአውስትራልያ የመጣ ነው። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ በቀጣዩ ዓመት በመካከሉ የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስለዋል። ከሰሉም በማዳበሪያ እየታሰረ፣ በመኪና እየተጫነ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። የስንቱ ቤት ቆርቆሮ፣ የስንቱ ልጅ ደብተር ከዚህ ዛፍ ወጥቷል! ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ደርቋል። እንግዲህ የተረፈችው ክምር ምን ያህል እንደምታሳሳ አስቡት።

አንድ ምሽት በዚያ ሳልፍ አንድ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከከሰል ክምራቸው አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

«አባቴ፣ በዚህ ብርድ እሳት ሲጠብቁ ሊያድሩ ነው?» አልኳቸው።

ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ እሳቱማ ምን ይሆናል። እኔ የምጠብቀው ንፋሱን ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨቱ ይከመራል፤ በሣርና በቅጠል ይሸፈናል፤ በላዩ አፈር ይለብሳል፤ ከዚያ እሳት ይለኮስበታል። በትንንሽ ቀዳዳ በልክ ብቻ እየተነፈሰ፣ ውስጥ ለውስጥ ለቀናት ይከስላል። ከውጭ የሚታየው ጭስ ብቻ ነው። አፈሩ ተሰንጥቆ ንፋስ በብዛት ከገባው ግን ነበልባል ይነሣል። ነበልባሉን ከሩቅ ላየው ሰው ያምራል። ሲነጋ ግን የሚታፈሰው አመድ ነው። የአምስት ዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት እንቅልፍ አለቀ ማለት ነው!

ወገኖቼ፣ ጾማችንስ? ሃምሳ አምስት ቀን ከሥጋና ከወተት ተከልክለን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተን፣ ሰግደን፣ አስቀድሰን፣ በፋሲካ ዕለት ክምሩ ሲከፈት አመድ እንዳይሆንብን ማን ይጠብቅልን? ለዚህ ነው በሁለተኛው ሳምንት፣ በቅድስት፣ ስንጾም ለሰው ለመታየት ፊታችንን እንዳናጠወልግ፣ በስውር የሚያይ አባት እንዳለን የሚያስተምረው ወንጌል የሚነበብልን (ማቴ. ፮፥፲፮-፲፰)።

ንፋሱ በየት በየት ይገባል? አንደኛው ውዳሴ ከንቱ ነው። «እኔ እኮ እስከ ማታ ነው የምጾመው» ስንል፣ ስግደታችንን ስንቆጥርለት ለጎረቤት፣ የጾም ማዕዳችንን ሳይቀር በስልክ ፎቶ አንሥተን ስንለጥፍ፣ ያን ጊዜ ነበልባሉ ተነሣ። ሰው «አቤት ጾመኛ!» ይለናል፤ ዋጋችንን ግን እዚያው ተቀበልን።

ሁለተኛው አንደበት ነው። ከቅዳሴ ወጥተን ቡና ላይ ስንቀመጥ፣ ሥጋ ያልነካ አፋችን የወንድማችንን ሥጋ ይበላል። ሽሮው ዘገየ ብለን በሚስታችን ላይ እንጮኻለን፤ ልጆቻችንም «አባባ ሲጾም ይቆጣል» ብለው ጾምን እየፈሩ ያድጋሉ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላችኋል?

ሦስተኛው ግፍ ነው። የሠራተኛዋን ደመወዝ ይዘን፣ የድሃውን ሚዛን አጉድለን ብንጾም፣ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የግፍን እስራት መፍታት፣ ለተራበም እንጀራን መቁረስ እንደሆነ ነቢዩ ኢሳይያስ ነግሮናል (ኢሳ. ፶፰፥፫-፯)።

«እንግዲያው የእኔ ክምር ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ ምን ዋጋ አለው?» የምትል ወንድሜ፣ የምትይ እኅቴ፣ ተስፋ አትቁረጡ። እኒያ አባት ስንጥቅ ሲያዩ ክምሩን ጥለው ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ከተቀመጡበት ተነሥተው አንድ እፍኝ አፈር አንሥተው ደፈኑት። ሌሊቱን ሙሉ ሥራቸው ይኸው ነበር። ስንጥቁን የሚደፍነው ወርቅ አይደለም፤ ከእግራችን ሥር ያለው አፈር ነው። እኛም አፈር መሆናችንን አስበን (ዘፍ. ፫፥፲፱) ዝቅ እንበል። የበደልነውን «ይቅር በለኝ» እንበለው። ወደ ንስሐ አባታችንም እንሂድ፤ ደግሞ «ለፋሲካ እደርሳለሁ» ሳይሆን ዛሬውኑ። ስንጥቁ ትንሽ ሳለ እፍኝ አፈር ይበቃዋል፤ ከነደደ በኋላ ግን ያስቸግራል።

በጾሙ እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ጌታ ዳግም ምጽአት ስታስተምረን ነቅታችሁ ጠብቁ የምትለን ስለዚህ ነው። የቤት ጌታ ሌባ የሚመጣበትን ሰዓት ቢያውቅ ኖሮ ነቅቶ ይጠብቅ እንደ ነበር ተጽፏልና (ማቴ. ፳፬፥፵፫)።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ካህኑ በጽናው ይዞ የሚያጥንበት ፍም የዚሁ የከሰል ፍም ነው። ያ እንጨት ተሸፍኖ፣ በጨለማ ታግሦ፣ ከንፋስ ተጠብቆ ስለ ከሰለ መቅደስ ይገባል፤ ዕጣን ይቀመጥበታል፤ መዓዛው ወደ ላይ ይወጣል። አመድ ላይ ግን ዕጣን ቢጨምሩበት አይጤስም።

የእኛንም ጾም ከንፋስ ጠብቆ፣ መዓዛው ያማረ መሥዋዕት አድርጎ ይቀበልልን። ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።